የብር ማንኪያ ወይስ የግንበኛ ማንኪያ?

ፒያሳ፦ እስቲ አንድ ነገር አግዙኝ። ስለ አሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1793 የመሠረት ድንጋዩን ሲያስቀምጥ ግንበኛ ሲሚንቶ የሚለስንበትን ዓይነት መሣሪያ ይዞ ነበር፤ ያውም ከብር የተሠራ። «የብር ማንኪያ» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮ ያነበበችልኝ ልጅ «ሾርባ ሊጠጣ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ስም አለው? ደግሞስ ድንጋዩ «ተጣለ» ነው «ተቀመጠ»?

አራት ኪሎ፦ ልጅቷ እውነቷን ነው። «ብር» ራሱ ሁለት ነው፣ ማዕድኑም ገንዘቡም። እኔ ብሆን «ከብር የተሠራ የግንበኛ ማንኪያ» ብዬ እገላገላለሁ። እኛ ጋ ሥነ ሥርዓቱ ላይ ማንኪያው ብዙም አይታይም። ባለሥልጣኑ የሚጨብጠው አካፋ ነው፣ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ አዲስ አካፋ። ከዚያ መጋረጃው ይገለጣል፣ እብነ በረዱ ላይ ስም ይነበባል፣ ይጨበጨባል።

ግሡ ግን ቀላል ነው። መሠረት ይጣላል፣ ድንጋይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው «ጣለ» ዳስ ጣለ፣ ጠጅ ጣለ እንደምንለው ነው፤ መወርወር የለበትም። «ድንጋይ ጣለ» ካልክ ግን ሰው እግሩን ይሰበስባል። የሕዳሴ ግድብም መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ ሲጀመር «የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ» ነው የተባለው።

ካዛንቺስ፦ እኔ ደግሞ ከቃሉ ልጀምር። «መሠረት» ግእዝ ነው፤ ግሡ «ሣረረ» ነው። ስለዚህ «መ» ከፊት የተጨመረች ናት። አማርኛ ግን ስሙን ወስዶ «መሠረተ» የሚል አዲስ ግሥ አወጣበት። ሕንፃው ሲያልቅ ደግሞ «ተመረቀ» እንላለን። እዚህ ሰፈራችን ያለው አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ ስንል ቃሉ ከሽማግሌ ምርቃት የመጣ ነው። ሪባንና መቀስ ኋላ የመጡ ናቸው።

ጽሑፍህ ውስጥ ሌሎቹም መሣሪያዎች መምጣታቸው አይቀርም። ዋሽንግተን አባል በነበረበት፣ የግንበኛ መሣሪያዎችን ምልክቱ ባደረገው የፍሪሜሶኖች ማኅበር ሥርዓት ድንጋዩ በማዕዘን መለኪያ፣ በውሃ ልክና በቱንቢ ይፈተናል፤ በመዶሻም መታ መታ ይደረጋል። ለእነዚህ አትቸገር። ቱንቢ በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7 አለልህ። «ውሃ ልክ» እንኳን ከግንበኛ እጅ ወጥቶ ፖለቲካ ገብቷል። «የፍትሕ ውሃ ልክ» ሲባል ስንቴ ሰምተሃል?

ፒያሳ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ውሃ ልክን መሣሪያ መሆኑን ረስቼው ነበር።

ሜክሲኮ፦ አንድ ትርጉም ዘለላችሁ። እኛ ሰፈር «የመሠረት ድንጋይ» ማለት ተጀምሮ የቀረ ነገር ነው። ጓደኛችን ቀለበት አስሮ ሦስት ዓመት ዝም ሲል «ድንጋይ አስቀምጦ ጠፋ» ተባለ።

ፒያሳ፦ ኧረ ይሄንንስ ለዋሽንግተን አልጽፈውም። የሱ ሕንፃ ቆሟል።