አል ሐምራ (ኦማን)፦ የጭቃ ቤቶቹን ለማንሳት ምን ይዤ ልሂድ? ውስጥስ ይገባል?

ሌንስ_በሙስካት
ሰላም ለሁላችሁ። በጃንዋሪ መጨረሻ አንድ ዓርብ ከሙስካት አል ሐምራ ደርሼ መመለስ አስቤያለሁ። የምለው አሮጌውን መንደር ነው፤ ዳገቱ ላይ ያሉትን ባለ ሁለትና ሦስት ፎቅ የጭቃ ቤቶች። ካሜራዬ ክሮፕ ሴንሰር ነው፣ 18-55 ሌንስና ትሪፖድ አለኝ። ትንሽ መኪና ይበቃል? በየትኛው ሰዓት ልድረስ? ባዶዎቹ ቤቶች ውስጥ መግባትስ ይቻላል?

የኒዝዋ_መንገድ
ትንሿ መኪና ትበቃለች። ከሙስካት ኒዝዋ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ አል ሐምራ ሌላ 40 ምናምን፤ እስከ መንደሩ ድረስ አስፋልት ነው። ፎር ዊል የሚፈልገው በዋዲ በኒ ዐውፍ (ዋዲ ማለት ዝናብ ሲጥል ጎርፍ የሚወርድበት ሸለቆ ነው) ወደ ሩስታቅ የሚወርደው መንገድ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን ተወው።

ዓርብ መሆኑ ጥሩ ነው። ጠዋት ኒዝዋ ላይ የከብት ገበያ አለ፣ እሱን አንስተህ ትቀጥላለህ። ቀትር ላይ ጁምዓ ስለሆነ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ውሃና ነዳጅ ከዚያ በፊት ያዝ። ጃንዋሪ ቀዝቃዛ ነው ብለህ አትዘናጋ፣ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ ይኑርህ።

ብርሃኑን በተመለከተ ወሩን በደንብ መርጠሃል። በጃንዋሪ መጨረሻ ፀሐይዋ በቀትር እንኳ 50 ዲግሪ አትሞላም። በጁን ግን ልክ አናት ላይ ስለምትቆም ግድግዳው ላይ ጥላ የለም፤ የልስኑ ስንጥቅም የጭዱ ምልክትም ይጠፋል። ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ቦታ ያዝ። ተራራ ባለበት አገር ብርሃኑ ስልክህ ከሚነግርህ ሰዓት በፊት ሊቆረጥ ይችላል። ለአጠቃላይ እይታ ከታች ከቴምሩ እርሻ በኩል ቆመህ ወደ ላይ አንሳ፣ ቤቶቹ ተደራርበው ይታያሉ።

ጭቃና_ጭድ
መግባቱን በሚመለከት፦ በራስህ አትግባ። ቤት አል ሰፋህ የሚባል ለጎብኚ የተከፈተ ቤት አለ፣ ከፍለህ ትገባለህ። የውስጥ ፎቶ አምሮትህን እዚያ ተወጣ። የተቀሩት ሰው ባይኖርባቸውም ባለቤት አላቸው፤ የወደቀ በርም ሆነ የተሰበረ ማሰሮ የሰው ንብረት ነው።

ሰው ሁሉ ግድግዳውን ይፈራል፣ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ወለሉ ነው። ግድግዳው ከታች የድንጋይ መሠረት ያለው ወፍራም የጭቃ ጡብ ስለሆነ ሳይጠገንም ብዙ ዓመት ይቆማል። የላይኛው ፎቅ ወለል ግን የተሰነጠቀ የቴምር ግንድ ተደርድሮ፣ በላዩ የዘንባባ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ከዚያ ጭቃ የተደለደለበት ነው። ሰው ሲኖርበት የጣሪያው ምርጊት በየጊዜው ይታደሳል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሰዉ ወደ ሲሚንቶ ቤት ሲዛወር ይህ ቀረ። ዝናቡ በስንጥቁ ይሰርጋል፣ ግንዱን ምስጥ ይበላዋል፤ ከላይ ያለው ጭቃ ግን ደርቆ እንደ ጤነኛ ወለል ይታያል። ረግጠኸው እስክትወርድ ድረስ ምንም አይነግርህም።

መንገድ ላይ ሆነህም ተጠንቀቅ። ግድግዳው ከሥሩ ተቦርቡሮ ካየህ፣ መሃሉ ካበጠ፣ ወይም ከመስኮት ጥግ የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ ጣት የሚያስገባ ከሆነ፣ ከሥሩ ትሪፖድ አትትከል። ዝናብ ከጣለ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አዛውረው። ያልተተኮሰ ጡብ ጥንካሬው ድርቀቱ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እዚያው ላይ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ዝናቡ ካባራ በኋላም ሊወድቅ ይችላል። በነገራችን ላይ ጎርፍ እየወረደበት ያለ ዋዲ ውስጥ መኪና ማስገባት በኦማን ያስቀጣል።

ቀጭን_ጥላ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ካሜራውን ልጨምር። አውቶ ዋይት ባላንስን (ካሜራው ራሱ ቀለም የሚያስተካክልበትን) አትመነው። ፍሬሙ ሙሉ ቡናማ ሲሆን ካሜራው ቀለሙን ሊያስተካክል ሲል ወደ ሰማያዊ ይጎትተዋል፣ ጭቃው አመድ ይመስላል። 5200-5500 ኬልቪን ላይ ቆልፈውና በሮው (ካሜራው ባልጨመቀው ፋይል) አንሳ።

ጠባቡ መንገድ ውስጥ ካሜራውን ወደ ላይ ካቀናህ ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይዘምማሉ። ካሜራውን ቀጥ አድርገህ በ18 አንሳና የታችኛውን ትርፍ መሬት ቆርጠህ ጣል። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስና ሰማይ የሚያጠቁር የሌንስ ማጣሪያ) እዚህ ላይ አይረዳም፤ በሰፊ ሌንስ ሰማዩን ግማሹን ያጠቁረዋል፣ ግማሹን ይተወዋል።

ቤት አል ሰፋህ ውስጥ ትሪፖድ ከተፈቀደልህ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፤ መስኮቱም ጨለማውም እንዲወጣ ሁለት ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ያደርጋል) እያራራቅህ ሦስት ፎቶ፣ በ2 ሰከንድ ታይመር። ሰው አጠገብህ ሲራመድ ወለሉ ስለሚነዝር እስኪያልፍ ጠብቅ። አቧራ ሌንሱ ላይ ከተቀመጠ በመንፊያ ንፋው እንጂ በሻርፕ አትጥረገው፣ ይጫጭረዋል። ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ አይበርም።

ሌንስ_በሙስካት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁንም የሚኖሩ ሰዎች አሉ ይባላል፤ ባዶውን ከሰው ቤት በምን እለያለሁ?

የኒዝዋ_መንገድ
የኤሲ ማሽን፣ የመብራት ቆጣሪ፣ የተሰጣ ልብስ ካየህ ሰው አለበት፤ በዚያ በር ሌንስ አታስገባ። ሰው ማንሳት ከፈለግህ «ሙምኪን ሱራ?» (ፎቶ ይቻላል?) ብለህ ጠይቅ፣ እምቢ ካለህ ካሜራውን አውርድ። ሴቶችን ግን ጭራሽ አትሞክር፣ ራሳቸው ካልፈቀዱ በቀር። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበስ። በፈለጁ (በባህላዊው የመስኖ) ቦይ ውስጥ እግርህን አትታጠብ፣ ውሃው ታች እርሻ ይጠጣበታል።