ቅዳሜ ሌሊት በሬን ያንኳኩት ጎረቤት፦ እናንተ ጋስ እንዴት ነበር?

የ4ኛ ፎቅ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው የምኖረው። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው። ቅዳሜ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ በመሬት መንቀጥቀጡ አልጋው ሲወዛወዝ ነቃሁ። ብርጭቆው ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል፣ እግሬ ግን አልታዘዝ አለኝ። ትንሹን አቅፌ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ማለት ብቻ። በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ፊት ለፊት ያሉት ሐጂ ናቸው። ሦስት ዓመት ስንኖር ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። «ልጄ፣ ትልቁን ለኔ ስጪኝ፣ አንቺ ትንሹን ያዢ» አሉኝና ተያይዘን ወረድን። ሜዳው ላይ እስኪነጋ ተቀመጥን። አንዷ ጋቢ አመጣች፣ ጥበቃው ከሰል አቀጣጠለ፣ ሻይ ተፈላ። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት ስቆም የሐጂ ማንኳኳት ነው የሚመጣብኝ፤ እግዚአብሔር የሰማኝ በሳቸው በኩል ነው እላለሁ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፣ ሲመሽ ይጨንቀኛል። እናንተስ እንዴት እያደራችሁ ነው? ይህ መተሳሰብ እንዳይጠፋስ ምን እናድርግ?

ከመተሐራ፦
አይዞሽ እህቴ። እኛ ፈንታሌ ተራራ ሥር ነን። እናንተ ጋ የሚደርሰው ከዚህ አካባቢ የሚነሳው ነው። ከመስከረም ወዲህ መለስ ቀለስ ሲል ቆይቶ አሁን ብሶበታል። ቤት ውስጥ መተኛት ትተናል፣ ግቢ ላይ ሸራ ወጥረን ከጎረቤት ጋር ነው የምናድረው። ሌሊት ሲነቀንቀን አንዱ «አላችሁ?» ይላል፣ ሌላው «አለን» ይላል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመለሳል። ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ቤታቸውን ትተው የወጡትን ግን አትርሱብን። ፍርሃቱ እስኪለቅሽ አትጠብቂ፣ ሲመሽ ሐጂ ቤት ሂጂና ቁጭ በይ።

የሲቪል መሐንዲስ፦
ሐጂን ዕድሜ ይስጥልን። አንድ ነገር ግን ልናገር፣ ቅር እንዳይልሽ። እየተንቀጠቀጠ ደረጃ መውረድ አደገኛ ነው፤ ሰው የሚጎዳው ሲሮጥና ሲገፋፋ ነው። ከመስኮትና ከቁም ሳጥን ራቁ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ። ሲቆም ሲሊንደሩን ዝጉና በእርጋታ ውረዱ። ሊፍት በፍጹም። ብሎካችሁ ውስጥ ማን አቅመ ደካማ እንዳለ፣ ማን ማንን ይዞ እንደሚወርድ ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ያ ሌሊት የሠራችሁት መልካም ነገር በአጋጣሚ ነበር፣ በሚቀጥለው ግን አውቃችሁት ይሁን።

አባባ፦
ልጄ፣ እናቴ የማጀቴ ሰው ነበረች። በ1953 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ እዚያው ነበረች። የምታወራው ስለፈረሰው ቤት አልነበረም። ማን ቆሎ እንዳካፈላት፣ ማን ልጇን አዝሎ እንዳሳደረላት በስም እየጠራች ነበር የምትነግረን፣ እስክትሞት። እድር አላችሁ አይደል? እድሩ ድንኳን አለው፣ ብርድ ልብስ አለው፣ የአባላት መዝገብ አለው። ለቀብር ብቻ ለምን ይቀመጣል? ሰብሳቢውን አነጋግሩት።

የ4ኛ ፎቅ እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሰብሳቢውን ዛሬ አነጋገርኩት፣ ድንኳኑ ሜዳው ላይ ሊተከል ነው። ሲሊንደሩንም ማታ ማታ መዝጋት ጀምሬያለሁ። ማክሰኞ ገናን የደረጃችን ሰው ሁሉ እኔ ቤት ነው የሚውለው። ለሐጂ ቤተሰብ የሚሆነውን ዶሮ እሳቸው ያርዱታል፣ ወጡን ባለቤታቸውና እኔ አብረን እንሠራዋለን።