ክሊፕ ጫማ የሌለው ጦሳ አይወጣም?

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም ጀማዓ። እሁድ ያልነበራችሁ ስላላችሁ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከደሴው ጦሳ ተራራ በሳይክል ስንወርድ አንዱ ልጃችን እግሩ ከፔዳል ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ያደረገው ሸራ ጫማ ነው። ጠዋት ስለነበር ጤዛው ገና አልደረቀም። ክንዱ ተላጠ፣ ቅልጥሙ ተፋቀ፣ በባጃጅ ወደ ቤቱ ገባ። አሁን ደህና ነው፣ አብሽሩ።

ማታውን «ሐረጎ ቁልቁል» የሚባለው ልጃችን አንድ ሐሳብ አመጣ። «ከመስከረም ጀምሮ ክሊፕ ጫማ የሌለው ከቡድኑ ጋር ተራራ አይወጣም። በመዋጮው ብር ለሁሉም እንግዛ» አለ። ክሊፕ ጫማ ማለት ሥሩ ላይ ብረት ያለው፣ ብረቱም ፔዳሉ ላይ የሚቆለፍ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው 38,000 ብር ነው። እኛ 14 ነን። ሐሙስ እንወስናለን። እኔ በግሌ አልተስማማሁም፣ ግን ብቻዬን መወሰን አልፈልግም። ስድብ የለም። የድምፅ መልእክትም አትላኩ፣ አልሰማም።

ሐረጎ ቁልቁል፦ ሐሳቡ የኔ ስለሆነ እኔ ልጀምር። ከደሴ ኮምቦልቻ እስክትደርስ 600 ሜትር ገደማ ትወርዳለህ። አስፋልቱን ትተህ በድንጋዩ መንገድ ከገባህ ደግሞ ሳይክሉ እንደ ደነበረ በቅሎ ነው የሚዘለው። እግርህ ካልተያዘ ፔዳሉ ላይ አይቆይም። እሁድ የሆነውም ይኸው ነው። የክሊፕ ጫማ ሶሉ ደረቅ ነው፣ አይታጠፍም። የረገጥከው ሁሉ ፔዳል ላይ ያርፋል። ስዊዘርላንዳዊው ኒኖ ሹርተር በፈረንጅ 2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ የተራራ ሳይክል ወርቅ የወሰደው በክሊፕ ነው። የኛው ጽጋቡ ግርማይም በዚያው ዓመት ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን በሸራ ጫማ አልነበረም።

የኮምቦልቻው፦ ወንድሜ፣ ጽጋቡ የነዳው አስፋልት ላይ ነው። ሳይክል ተሸክሞ ዋልካ አላቋረጠም። እኛ ኩታበር ስንሄድ ግማሹን መንገድ በእግራችን አይደል እንዴ?

ስም መጥራት ከሆነ እኔም አለኝ። ሳም ሂል የሚባል አውስትራሊያዊ አለ። በፈረንጅ 2017፣ 2018 እና 2019 የተራራ ሳይክል ውድድሩን ኢንዱሮ ወርልድ ሲሪስን አጠቃላይ ያሸነፈው ክሊፕ በሌለው ፔዳል ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ። እግሩን ማንም አላሰረለትም።

ሐረጎ ቁልቁል፦ ሳም ሂል አንድ ነው። የቀሩትን ቁጠራቸው።

የጦሳ ልጅ፦ የፈረንጅ ስም መቁጠሩ እዚህ ላይ ይብቃ። ወደ ደሴ እንመለስ።

ጠጋኝ ሸዋ በር፦ ልጆች፣ ሁላችሁም ጫማውን ነው የምትወቅሱት። ያን ሳይክል ሰኞ ዕለት አምጥተውልኝ አይቼዋለሁ። ፔዳሉ ከነሳይክሉ የመጣው ፕላስቲክ ነው። ጥርሱ አልቋል። በጣቴ ብዳብሰው እንደ ሳሙና ያሟልጫል። በላዩ ላይ ጤዛ ሲጨመርበት የንጉሥ ጫማ ብታደርግም ትወድቃለህ።

ክሊፕ የሌለው ግን ለተራራ የተሠራ ፔዳል ሰፋ ያለ ነው። ፊቱ ላይ ትንንሽ የብረት ጥርሶች አሉት። በብሎን የሚገቡ ናቸው፣ ሲሰበሩ ይቀየራሉ። ጥርሶቹ ሶሉን ነክሰው ይይዛሉ። የአሉሚኒየሙ ዋጋው ውድ ነው። ናይለኑ ግን ርካሽ ነው፣ ድንጋይ ሲመታውም ብዙ አይጎዳም። ባለ ጥርስ ይሁን እንጂ ናይለን ነው ብላችሁ አትናቁት።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ፔዳሉን እቀይራለሁ። ከዚያ ነው ስለ ጫማ የማወራው።

የኮምቦልቻው፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ጥርሱ ግን ቅልጥም ይበላል፣ ይህን አይደብቁን። የቀኝ ቅልጥሜን አይታችሁታል። አራት ነጥብ በመስመር፣ በማኅተም የተመታ ነው የሚመስለው። ወሎዬ ቅልጥም ሲበላ እንጂ ሲበላበት አይተን አናውቅም ነበር።

ጀማሪው፦ ይቅርታ፣ እኔ አዲስ ነኝ። ተማሪ ነኝ፣ ያለኝ የሩጫ ጫማ ብቻ ነው። በሱ መውጣት አይቻልም? አይቻልም ከተባለ ይህ ሕግ እኔን አስወጣኝ ማለት ነው።

እታለም 37፦ እኔንም አስወጣኝ። ዝም ልል ነበር ግን አላስቻለኝም። እግሬ 37 ቁጥር ነው። ክሊፕ ጫማ በ37 ሰልባጅ ላይ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሁለት ዓመት ፈልጌያለሁ። የሚመጣው 44፣ 45 ነው፣ ጀልባ የሚያክል። እኛ ሴቶቹ ሦስት ነን። ሕጉ ቢጸድቅ መጀመሪያ የሚቀረው ማን እንደሆነ አስቡት።

ለጀማሪው፦ የሩጫ ጫማ ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ስትረግጠው ፔዳሉ ላይ ይታጠፋል። ረጅም ዳገት ላይ የእግርህ መሐል ይቃጠላል፣ ጣቶችህ ይደነዝዛሉ። ከሥሩም ቦይ ቦይ ስላለው የፔዳሉ ጥርስ ሲፈልግ ይይዛል፣ ሲፈልግ ይለቃል። ለሜዳ ይሆናል። ለጦሳ ሌላ ፈልግ።

እኔ የማደርገው የፉትሳል ጫማ ነው። ቤት ውስጥ ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሥሩ ዝርግ፣ ቡናማ ጎማ ያለው። ጎማው ለስለስ ያለ ስለሆነ ጥርሱ ይገባበታል። ችግሩ ቀጭን ነው፣ ይታጠፋል። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ቢጫ ጀሪካን ቀደድኩ። የውስጥ ሶሉን አወጣሁና በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ሳልኩት። በመቀስ ቆረጥኩት፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ፈገፈግሁት። ከሶሉ ሥር አስገባሁት። ጀሪካኑ መጀመሪያ ቂጭ ቂጭ ይላል፣ ትንሽ ፓውደር ነስንሶ ዝም ማሰኘት ነው። እስከ ቦሩ ሜዳ ደርሼ ተመልሼበታለሁ፣ እግሬ አልተቃጠለም። ግን ስትቆርጡ ተረከዙ ድረስ አድርሱት። ግማሽ ላይ ካቆማችሁት ጠርዙ እግር ይቆርጣል። አውቀዋለሁ፣ የመጀመሪያውን እንደዛ ነበር ያደረግሁት።

የጦሳ ልጅ፦ ይህን ጀሪካን በዓይኔ አይቻለሁ። ስስቅባት ነበር። ዳገቱ ላይ ጥላኝ ስትሄድ ሳቄን አቆምኩ።

ሰልባጅ አዳኝ፦ እኔ ክሊፕ አልጠላም፣ ግን የደረሰብኝን ስሙ። አምና አንድ ሻጭ ጋ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ የሳይክል ጫማ አገኘሁ። ቁጥሩ 42፣ ልክ የኔ። ሶሉን ሳንኳኳው እንደ ጣውላ ይጮኻል። ሳልከራከር ከፈልኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ይሉት እኔን ነው። ቤት ወስጄ ብገለብጠው ሥሩ ላይ ያለው የብረቱ ማሰሪያ ቀዳዳ ሦስት ነው፣ በሦስት ማዕዘን። የአስፋልት ሳይክል ጫማ ነው። የተራራው ሁለት ቀዳዳ ነው፣ ጎን ለጎን። ብረቷም ጎማው መሐል ሰመጥ ብላ ነው የምትገባው፣ ስትራመድ መሬት እንዳትነካ። የኔው ግን ብረቱ ተገትሮ ይወጣል። አዝዋ ገደል ላይ ለፎቶ ብዬ ወርጄ ድንጋይ ላይ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ሦስተኛውን አልነግራችሁም።

ሰልባጅ ላይ የምትገዙ፣ ሌላም አለ። አሮጌ ጫማ ሳይለበስ ብዙ ዓመት ከተቀመጠ የመሐል ሶሉ ይበሰብሳል። ላዩ አዲስ ይመስላል። በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። ከተፈረፈረ ወይ ከተጣበቀባችሁ ተዉት፣ ዳገቱ መሐል ሶሉ ተገንጥሎ ይቀራል። የብረቷን ብሎኖችም እዩ። ዝገው ጭንቅላታቸው የተበላ ከሆነ አይፈቱም።

ሐረጎ ቁልቁል፦ ይህማ የክሊፕ ጥፋት አይደለም፣ ሳታይ የገዛህ አንተ ነህ። የሳይክል ዕቃ ሠሪው ሺማኖ ኤስፒዲ የሚባለውን ባለ ሁለት ቀዳዳ ክሊፕ በፈረንጅ 1990 ያወጣው ለተራራ ብሎ ነው፣ በእግርም እንድትሄድበት።

ክሊፕ የምትፈሩት ደግሞ ስትቆሙ እግራችሁ አልለቅ ብሎ ስለምትወድቁ ነው። እኔም ወድቄያለሁ፣ ፒያሳ፣ ሰው ፊት፣ ከነሙሉ ክብሬ። ግን መፍትሔ አለው። ፔዳሉ ላይ ማጥበቂያ ብሎን አለ፣ ለጀማሪ ሙሉ በሙሉ ላላ አድርጉት። ብረቷም ሁለት ዓይነት ናት። ኤስኤች51 የምትባለው ተረከዝህን ወደ ጎን ስታዞር ብቻ ትለቃለች። ኤስኤች56 ግን ደንግጠህ ወደ ላይ በኃይል ስትጎትትም ትለቃለች። ለጀማሪ 56ቷ ናት። ሁለት ሳምንት ሜዳ ላይ፣ ግድግዳ ይዞ መለማመድ ነው።

የኮምቦልቻው፦ ሁለት ሳምንት ሜዳ ላይ ተለማምዶ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ተሳቢ ከኋላው ሲያንባርቅበትስ? ተረከዙን ማዞር ትዝ ይለዋል?

ከሁሉም በላይ ጭቃውን ረሳኸው። ሐምሌ ላይ ገራዶ ወርደን እንደነበር ታስታውሳለህ? ክሊፕ ያደረጋችሁት አራት ነበራችሁ። ዋልካው ብረቷ ውስጥ ገብቶ ደነደነ፣ ፔዳሉ አልይዝ አለ። አራታችሁም ቁጭ ብላችሁ በእንጨት ስትጎረጉሩ እኔ ከመንደሩ ልጆች ጋር ቆሎ ስበላ ነበር።

ሐረጎ ቁልቁል፦ እሺ፣ ጭቃው ላይ ተረታሁ። በበጋ ግን አልረታም። እግር ከፔዳል ሲዘል የሚያስከትለውን እሁድ አይተናል።

ጀማሪው፦ ሌላ ጥያቄ። ሸራ ጫማዬን ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ እንደ በረባሶ የመኪና ጎማ ባስለጥፍበትስ? ርካሽ ነው፣ አያልቅም።

ጠጋኝ ሸዋ በር፦ አያልቅም፣ እሱስ እውነት ነው። ግን የመኪና ጎማ ደረቅ ነው። የፔዳሉ ጥርስ አይገባበትም፣ ላዩ ላይ ይጋልባል። እርጥብ ሲሆን ይብሳል። ሶል ስትመርጥ ጥፍርህን ተክልበት። ጥፍርህ ምልክት ትቶ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ጎማ ነው። ጨርሶ ካልገባ ለፔዳል አይሆንም።

ከዚያ ጫማውን ሁለቱን ጫፍ ይዘህ እጠፈው። እንደ ቂጣ ከተጠቀለለ ተወው። ጣት አካባቢ ትንሽ ታጥፎ መሐሉ ከታገለህ ውሰደው። ዝርግ ሥር ያለው የስኬትቦርድ ጫማ ሰልባጅ ላይ ሞልቷል፣ ሰው ስሙን ስለማያውቀው ዋጋው አልናረም። ስፌቱ ጣቱ ጋ ድርብ መሆኑን እይ። ክሩን ደግሞ ጫማው ውስጥ ሸጉጠው፣ ካቴና ውስጥ ገብቶ ስንቱን ጥሏል።

ደግሞ ጠዋት አትለኩ። ከሰዓት በኋላ እግር ያብጣል። ጠዋት ልክ የሆነው ጫማ ማታ ዳገት ላይ ይነክሳል።

እታለም 37፦ ጋሼ፣ ይህን ሁሉ እያወቁ እስከ ዛሬ ዝም አሉን?

ጠጋኝ ሸዋ በር፦ ማን ጠየቀኝ እታለም። ሁሉም የሚመጣው ፍሬኑ ሲበጠስ ነው።

የጦሳ ልጅ፦ ሒሳቡን ላምጣ። 38,000 ለ14 ሲካፈል ለአንድ ሰው 2,714 ብር ነው። ክሊፕ ጫማ ብቻውን አይሠራም፣ ፔዳሉም አብሮ ይገዛል። በ2,714 ሁለቱን የሚሸጥ ካወቃችሁ አድራሻውን ላኩልኝ። ባለ ጥርስ የናይለን ፔዳል ግን አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ደውዬ ጥንዱን በ2,300 እንደሚያመጣልን ነግሮኛል። አምስታችሁ ደህና ፔዳል አላችሁ። የቀረነው 9 ነን። 20,700 ብር ማለት ነው። ሳጥኑ ውስጥ 17,300 ይተርፋል። በእሱ የራስ ቁር የሌላቸውን እናሟላ። እውነቱን ለመናገር እሁድ ያስደነገጠኝ የልጁ እግር አልነበረም፣ ባዶ ራሱ ነበር።

እንግዲህ አዲሱ ሐሳብ ይህ ነው። ክሊፕ ግዴታ አይሆንም። ያለው ያድርግ፣ የሌለው ዝርግ ሥር ያለው ጫማና ባለ ጥርስ ፔዳል። ያለ ራስ ቁር ግን ማንም አይወጣም።

ሐረጎ ቁልቁል፦ ራስ ቁሩ ላይ እጄን አወጣለሁ። ፔዳሉ ላይም እሺ። ግን አንድ ነገር ይጻፍልኝ፦ የሩጫ ጫማና ነጠላ ጫማ ይከልከል። ባለፈው አንዱ በነጠላ ጫማ ሐይቅ ድረስ ሄዷል።

የኮምቦልቻው፦ ደርሷል ግን።

ሐረጎ ቁልቁል፦ ደርሷል። በአንድ ነጠላ ጫማ።

ሰልባጅ አዳኝ፦ እኔ ቅዳሜ ዕለት «ሰኞ ገበያ» ሰፈር እወጣለሁ። ጀማሪው፣ ቁጥርህን ላክልኝ። እታለም፣ 37 ካየሁ ፎቶ እልክልሻለሁ፣ ቀዳዳውን ቆጥሬ።

ጀማሪው፦ 41። አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ።

ጠጋኝ ሸዋ በር፦ ፔዳሉ ሲመጣ ራሳችሁ አትግጠሙት፣ እኔ ጋ አምጡት። በነጻ ነው። የግራው ፔዳል የብሎኑ ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ይህን ሳያውቅ በጉልበት አስገብቶ ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክራንክ ያበላሸ ሰው እዚሁ መሐላችሁ አለ። ስም አልጠራም።

ሐረጎ ቁልቁል፦ እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ።