ክርክር፦ ሰሜን ተራሮች በመኪና ወይስ በእግር?

የደባርቅ ልጅ፦ ጎንደሬዎች፣ እስቲ እንከራከር። እንግዳው በጠዋት ከጎንደር ይነሳል፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል፣ ከመኪናው ሳይወርድ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ እስካለው የጨነቅ ማረፊያ ይዘልቃል። ጭላዳ ዝንጀሮውን በመስኮት ፎቶ አንስቶ ማታ ጎንደር ሆቴሉ ይገባል። እኔ ይሄ ይቁም ነው የምለው። ሰላሙ ተመልሶ እንግዳ መምጣት ሲጀምር ከማረፊያ ማረፊያ በእግር ይሂድ። በእግር የሄደ ሰው አስጎብኚ፣ ስካውት የሚባለውን የታጠቀ ጠባቂ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎ ከነነጂው ይቀጥራል። ላሊበላ አጠገብ በመቄት በኩል እኮ ገበሬው ራሱ ጎጆ ሠርቶ እንግዳውን ከመንደር መንደር በእግር ያስተናግድ ነበር።

ሹፌሩ፦ ወንድሜ፣ ሹፌርም ልጆች ያሳድጋል። ደግሞ ጨነቅ 3600 ሜትር ላይ ነው። የ70 ዓመት ሰው በእግርህ ውጣ ልትለው ነው? ሁለት ቀን ብቻ ያለውስ?

አስጎብኚዋ፦ ከፍታውን ካነሳህ አይቀር፣ ራስ የሚፈልጠው በግማሽ ቀን በመኪና ሽቅብ ስትወጣ ነው። መጀመሪያ ሳንቃ በር ማረፊያ፣ በማግስቱ ግጭ ማረፊያ እያደረ የሚሄድ ሰው ሰውነቱ ይለምዳል። እሜት ጎጎ ተራራ ጫፍ ላይ ደግሞ መኪና አይደርስም። ጭላዳዎቹ መሀል ዝም ብለህ ብትቀመጥ ሣሩን በጣታቸው ሲነጩ ድምፁ ይሰማሃል፣ ይሄን በመስኮት ከየት ታመጣዋለህ?

የጃናሞራ ሰው፦ ስለ እንግዳ ብቻ አታውሩ እንጂ። ያ በፓርኩ መሀል የሚያልፈው መንገድ ለእኛ ለጃናሞራዎች የሐኪም ቤት መንገድ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ያን ዳገት የወጣ ሰው መንገድ ይዘጋ ሲባል ደሙ ይፈላል።

የደባርቅ ልጅ፦ ጋሼ፣ በእናንተ መንገድ ማን ይመጣል! አገሬው፣ አውቶቡሱ፣ ታማሚው ይለፍ። የጉብኝት መኪናው ግን ሳንቃ በር ይቁም ነው የምለው። መራመድ ላቃተው በቅሎ አለ። ፓርኩ እኮ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር፣ አንዱ ምክንያት ይሄው በመሀሉ ያለፈው መንገድ ነው። ደግመን እዚያ እንግባ?

ሹፌሩ፦ በቅሎው ይሁን፣ ሽማግሌውን በበቅሎ አውጡት። ግን እንግዳው አራት ቀን ሲራመድ የእኔ ሥራ ማድረስና መመለስ ብቻ ይሆናል። የቆምኩበትን ቀን አስጎብኚ ድርጅቱ ይከፍለኛል? እሱን በውል አስገቡልኝና ከነገ ጀምሮ ሳንቃ በር እቆማለሁ።