ራጁ ደህና ነው ተብለን ኤምአርአይ ታዘዘ፤ ማስነሳት አለብን?

የኮዬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ባለቤቴ አይሱዙ ይነዳል፣ ጭነትም ያወርዳል። ከ5 ሳምንት በፊት ሲሚንቶ ሲያወርድ ወገቡን ያዘው፤ ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ከወገቡ ተነስቶ በግራ ዳሌው በኩል እስከ እግሩ ጣት ይወርዳል፣ ሲያስነጥሰው ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ራጅ ተነሳ፣ "አጥንቱ ደህና ነው" ተባልን። አሁን ሌላ ሐኪም ኤምአርአይ አዘዘ። ዋጋው ለእኛ ከባድ ነው። ራጁ ደህና ካለ ይሄኛው ምን ሊያሳይ ነው? ሲቲ ስካንስ አይበቃም?

ራጅ ክፍል የምሠራ፦
እህቴ፣ ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው። ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው) እና ነርቭ እዚያ ላይ አይታዩም። ስለዚህ "ደህና ነው" ማለት ነርቩ አልተጫነም ማለት አይደለም። ኤምአርአይ ዲስኩ ወጥቶ የትኛውን ነርቭ እንደተጫነ ለይቶ ያሳያል፣ በማግኔት ስለሚሠራም ጨረር የለውም። ሲቲ ለአጥንት ጎበዝ ነው፤ ትልቅ የዲስክ መውጣትም ሊያሳይ ይችላል፣ ነርቭ ላይ ግን ኤምአርአይን አያክልም። ባለቤትሽ ልቡ ላይ የተተከለ መሣሪያ ወይም ሰውነቱ ውስጥ ብረት ካለ፣ የድሮ ፍንጣሪም ቢሆን፣ ሳይገባ ይናገር። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሳይንቀሳቀስ ይተኛል፣ ማሽኑ በጣም ይጮሃል።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦
ከዋጋው በፊት እግሩን እዩት። ግራ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል? በተረከዙ ይራመዳል? በጣቶቹ ይቆማል? ሕመም ብቻ ከሆነ አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ምስሉ ብቻውን ደግሞ ሰው ያሳስታል። በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው 52 በመቶዎቹ ላይ ያበጠ ዲስክ ተገኝቷል። ምስሉ ዋጋ የሚኖረው ሐኪሙ በእጁ መርምሮ ካገኘው ጋር ሲገጥም ነው። እግሩ ከደከመ፣ ማለትም ከላይ ካልኳቸው አንዱ ካቃተው፣ ግን አትጠብቁ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት ካለም ንገሩት፣ የአከርካሪ ቲቢ እኛ አገር አለ። ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አታሳሹት፣ አደራ።

ከገላን፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሽንት እምቢ ካለው፣ ወይም መቀመጫውና ብልቱ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ወንድሜን "ሲነጋ እንሄዳለን" ብለን ሁለት ቀን አቆየነው። ቀዶ ሕክምናው ተሠራለት፣ ሽንቱን ግን እስከ ዛሬ በቱቦ ነው የሚያወጣው።

የኮዬዋ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሁን ሞከርነው። ሽንቱ ደህና ነው። ቀኝ አውራ ጣቱ ይነሳል፣ ግራው ግን እምቢ አለ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦
ድካም አለ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ኤል 5 የሚባለው ነርቭ ሲጫን እንዲህ ያደርጋል። ነገውኑ ሐኪሙ ጋ ተመለሱና ጣቱን አሳዩት፣ ኤምአርአዩንም ተነሱ። ስትጨርሱ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ተቀበሉ፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ምስሉን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። እስከዚያ መኪናውን አይንዳ፤ ፍሪሲዮን የሚረግጠው በዚያው እግር ነው።