የበሬሳ ነፍሳት ዘንድሮ ለምን ሳሱ? ዝናቡ ወይስ ፍሳሹ?

ጠያቂዋ፦ ጅራታቸው ክር የመሰለ፣ ማታ ማታ ከደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝ የሚወጡ ነፍሳት አሉ። ሜይፍላይ ይባላሉ። አንዱን ዓመት እንደ ጉድ ይፈላሉ፣ ሌላውን ዓመት ብርቅ ይሆናሉ። ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚጠመድባቸው አገሮችም በዚሁ ይከራከራሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የቻጫው፦ ዝናብ ነው፣ ሌላ አትፈልጉ። ክረምቱ ሲበረታ ደራሽ ውሃ ድንጋዩን ይገለባብጣል። እጮቹ ያሉት ድንጋይ ሥር ነው። ጠራርጎ ይወስዳቸዋል።

መምህሩ፦ ጎርፍ ብቻ አይደለም። እጩ ውሃ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይቆያል። ክንፍ ካወጣ በኋላ የሚኖረው ግን ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ነው። ያኔ ምግብም አይበላም። ስለዚህ ማታ የምናየው የብዙ ወራት ውጤት ነው። ውሃው ሲሞቅ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ውርጩን ታውቁታላችሁ። ጠፉ ያልናቸው ዘግይተው ሊሆን ይችላል።

የበሬሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ ይህ አባባል ከተማዋን ነፃ ያወጣል። በበጋ ወንዙ ሲሳሳ የፋብሪካውና የቤቱ ፍሳሽ ይበረታል። ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። በሰሜን አሜሪካ ኢሪ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1953 ሙቀትና ነፋስ አልባ ቀናት ተገጣጠሙ። በሐይቁ ምዕራብ በኩል ከታች ኦክስጅን አለቀ፣ እጮቹም አለቁ። በብዛት የተመለሱት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው።

የቻጫው፦ ራስህ ሙቀት አልክ እኮ! አየሩ ነው ማለት ነው።

የበሬሳ ልጅ፦ ሐይቁ ቀድሞ በፍሳሽ ባይጎዳ ኖሮ ያ ሙቀት ባልጨረሳቸው። እኔን የሚያሰጋኝ ይሄ ነው። የታመመ ወንዝ አንድ ክፉ ዓመት አይችልም።

እትዬ ከባሶና፦ መድኃኒቱንስ ለምን ረሳችሁት? እርሻው ወንዙ አፋፍ ደርሷል። ረጭተን ዝናብ ሲመታው ወደ ውሃው ይወርዳል። ተባይ የሚገድል ነገር የወንዙን ነፍሳት አይምርም። ታጥቦ የሚገባው አፈርም መደበቂያቸውን ይደፍነዋል።

መምህሩ፦ ከከተማው በላይና በታች ድንጋይ እያነሳን እንቁጠር። ተማሪዎችም ይችሉታል። ሁለቱም ጋ እኩል ከቀነሱ አየሩን እንጠርጥር። ከላይ ሞልተው ከታች ከጠፉ ከተማዋ ትጠየቅ። የአንድ ዓመት ቆጠራ ግን አይበቃም።

የቻጫው፦ ይሁን። ግን ጎርፉ ካለፈ በኋላ፣ ወንዙ ሲረጋጋ ይቆጠር።

የበሬሳ ልጅ፦ ቁጠሩ፣ እኔም እመጣለሁ። የፍሳሽ ማጣሪያውን ጥያቄ ግን እስከዚያ አላቆየውም።