በእንግሊዝኛ «ኒይዘር… ኖር» (ይሄም ያም አይደለም) ሲመጣ ግሱ ማንን ይከተላል?

የሳቢያኗ፦ ሰላም ድሬዎች! «ኒይዘር ዘ ድራይቨር ኖር ዘ ፓሴንጀርስ» ካልን በኋላ «ዋዝ» ነው «ወር»? ክፍል ውስጥ ተጨቃጭቀን አልተስማማንም።

ከዚራ፦ «ወር»። ግሱ የሚከተለው ቅርቡን ባለቤት ነው፣ «ፓሴንጀርስ» ደግሞ ብዙ ቁጥር ነው። ቦታ ብታቀያይሪያቸው «ዋዝ» ይሆናል፤ ግን ጆሮ ይሻክራል፣ ብዙውን መጨረሻ አድርጊው። «አይዘር… ኦር»ም ያው ነው። በ«ቦዝ… ኤንድ» (ሁለቱም) የተያያዙ ባለቤቶች ግን ሁሌም ብዙ ናቸው።

የሐረር ልጅ፦ እሱስ ቀላል ነው ባክህ! ፈተና ላይ ጉድ የሚሠራው «ኖት ኦንሊ… በት ኦልሶ» ነው። «ሺ ኖት ኦንሊ ሴልስ ኮፊ በት ኦልሶ ፒናትስ» አይባልም፤ አንዱ ጎን ግስ ይዞ ሌላው ስም ብቻ ይዟል። «ሺ ሴልስ ኖት ኦንሊ ኮፊ በት ኦልሶ ፒናትስ» በሉት።

የሳቢያኗ፦ ተባረኩ! «ኒይዘር» ካለ «ኖት» አይጨመርም አይደል?

ከዚራ፦ በፍጹም። አሉታው እዚያው ውስጥ አለ።